እግሩን ማን ጠየቀው?

ዱርቤቴ ገበያ ሲውል፣ ከእህል ተራው አለፍ ብሎ ላስቲክ አንጥፈው ልብስ የሚቆልሉ ነጋዴዎች አሉ። ቦንዳው ሲፈታ ያ የታወቀው የሳልባጅ ሽታ ይነሳል። ሕጉ «ልባሽ ጨርቅ» ብሎ እንዳይገባ የከለከለው ዕቃ ነው፤ ገበያተኛው ግን ክልከላው ትዝ የሚለው ዋጋ ሲጠራለት ብቻ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመስል ልጅ ከቁልሉ ውስጥ ኮፍያ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ መዝዞ አወጣ። ደረቱን የሞላ ቢጫ «ኤም» ፊደል አለበት፤ ወደ ትከሻው ጠጋ ብላ ደግሞ ጥፍር የምታክል ምልክት ተጠልፋበታለች።

«ጋሼ፣ ይቺ የማንችስተር ናት?»

«ምን ማንችስተር አመጣህብኝ! ናይክ ናት እንጂ። ምልክቷን አታያትም?»

ልጁ ምልክቷን በአውራ ጣቱ ዳበሳት፤ ሹራቡን ገልብጦ ስፌቱን አየ፤ ከዚያ የዋጋ ክርክሩ ተጀመረ።

ፊደሉ የማንችስተር አይደለም፤ የአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያንን ቢጫ «የበቆሎ ቀለም» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ዱርቤቴ ያለችበት፣ በቆሎ አብቃዩ አቸፈር ድረስ መጥቶ መቆለሉ ፈገግ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚቺጋን ከአዲዳስ ተለይቶ ወደ ናይክ ሲመለስ የተዋዋለው በጥሬ ገንዘብና በትጥቅ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚገመት ዋጋ ነበር። ቁጥሩን የሰማ ሁሉ «ለኮሌጅ ኳስ?» ብሎ ይገረማል። ናይክ ምን እንደገዛ ግን የዱርቤቴው ነጋዴ በአንድ አፍ ተናግሮታል። ዩኒቨርሲቲውን አያውቀውም፤ ምልክቷን ያውቃታል።

አንድ የኮሌጅ የስፖርት ክፍል የትጥቅ ስፖንሰሩን በምን መለኪያ ይመርጣል? ጥያቄው የአሜሪካኖች ቅንጦት ይመስላል። ባሕር ዳርን የመሰለ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም፣ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩትም፣ የስፖርት አካዳሚም ያለው ከተማ ላይ ሲነሳ ግን የቤት ጥያቄ ይሆናል። ነገሩን ሳገላብጠው የቆየሁት በአንድ ሐሳብ ነው፤ እዚህም እዚያም ትጥቅ የሚመርጠውና ትጥቅ የሚለብሰው አይተዋወቁም።

ከእኛው ታሪክ እንጀምር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የጀግንነቱን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ታሪኩ ግን የትጥቅ አቅርቦት ታሪክም ነው። በብዛት እንደሚነገረው፣ ጫማ አቅራቢው አዲዳስ ለሯጮች ካመጣው ውስጥ አበበ ሲደርስ የቀሩት ጥቂት ጥንዶች ነበሩ፤ ከእነሱ የተሰጠው አልተስማማውም። በባዶ እግሩም ልምምድ ስለሠራ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተማክሮ ጫማውን ተወው። አቅራቢ ነበር፣ ጫማም ነበር። ያልነበረው ለአንድ እግር የሚሆን አንድ ጥንድ ነው።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ አበበ ለውድድር ወደ ኦሳካ ሄደ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል የጃፓን ጫማ ሠሪ ያረፈበት ድረስ ጫማ ይዞ መጣና የጃፓን መንገድ ሻካራ ነው ብሎ አግባባው። አበበም አጥልቆ ሮጠ፤ አሸነፈም። የዚያ ሰው ድርጅት ዛሬ አሲክስ የምንለው ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ወደ ኮሌጅ ስፖርት ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ፊል ናይት የተባለ፣ ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ይሮጥ የነበረ ወጣት ኮቤ ድረስ ሄዶ የኦኒትሱካን ጫማ አሜሪካ ውስጥ ልሽጥ ብሎ ጠየቀ። በ1964 ከቀድሞ አሰልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር 500፣ 500 ዶላር አዋጥተው ሥራ ጀመሩ። የኋላው ናይክ ያ ነው። በዚያው ዓመት አበበ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በ40 ቀኑ ገደማ፣ በፑማ ጫማ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ።

ባወርማን ለየት ያለ አሰልጣኝ ነበር። ለሯጮቹ ጫማ በእጁ ይሠራ ነበር፤ የእያንዳንዱን ልጅ እግር እያየ ቆዳና ጨርቅ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ያስሞክራል፣ እንደገና ይፈታል። በ1971 የሚስቱን የዋፍል መጋገሪያ ወስዶ ጎማ አፍስሶበት አበላሽቶባታል፤ ከዚያ የወጣው ሶል ናይክን ናይክ አደረገው። የዓለም ትልቁ የትጥቅ ድርጅት አንድ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ተማሪዎቹ እግር ሥር ተንበርክኮ ከመለካት ነው የተነሳው። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ናይክ ለኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ገንዘብ እየከፈለ ተጫዋቾቻቸውን የእሱን ጫማ ማስደረግ ጀመረ። ተጫዋቾቹ በጊዜው ሕግ አማተር ነበሩ፤ ሳንቲም አይነኩም ነበር። የሚሮጠው ተማሪው፣ የሚከፈለው አሰልጣኙ። በ1987 ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ቡድኖቹን በአንድ ውል ለናይክ ሰጠ፤ ገንዘቡ ከአሰልጣኙ ኪስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ካዝና እየዞረ የመጣው ከዚህ ወዲህ ነው።

እንዲህ ያለ ውል ውስጡ ሲታይ ከርዕሱ ያንሳል። ጥሬ ገንዘብ አለ፤ በየዓመቱ የሚሰጥ ትጥቅ አለ፤ ከሱቅ ሽያጭ የሚደርስ ድርሻ አለ። ትጥቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በሱቅ ዋጋ እንጂ ድርጅቱ ባወጣበት ወጪ አይደለም። ጋዜጣ ላይ «መቶ ምናምን ሚሊዮን» ተብሎ የሚወጣው ድምር ግማሹ ካልሲና ቱታ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዶቹ ውሎች አንድ ሌላ አንቀጽ ደግሞ አለ፤ ሳነበው የባወርማንን ጉልበት መሬት ላይ ያስታወሰኝ። ተጫዋቹ ቁርጭምጭሚቱን ለመደገፍ ፋሻ ሲጠቀልል ከጫማው በላይ አድርጎ ምልክቱን መሸፈን አይችልም፤ ከሸፈነ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሊቀነስበት ይችላል። እግሩ ታሟል፤ ምልክቷ ግን መታየት አለባት።

ከፍተኛውን የሰጠ ይሻላል ለሚል ሰው ዩሲኤልኤ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንደር አርመር ጋር የ15 ዓመትና የ280 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በኮሌጅ ስፖርት እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። አንደር አርመር ያኔ በፍጥነት የሚያድግ የትጥቅ ድርጅት ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ገበያው ቀዘቀዘበት፣ ኮሮና ጨመረበት፣ በ2020 ውሉን አቋረጥኩ አለ። ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት ሄደና በ2022 ከ67 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀብሎ ታረቀ። ተማሪዎቹ በመሀል ሌላ ማልያ ለብሰዋል። ውል ከመፈረም በፊት የስፖንሰሩን ኪስ ብቻ ሳይሆን ኪሱ ከየት እንደሚሞላ ማየት ነበር።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው ግን ከስፌት ማሽኑ ወዲያ ያለው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ተማሪዎች «የዩኒቨርሲቲያችንን ስም የያዘውን ሹራብ የሰፋው ማነው? ስንትስ ተከፈለው?» ብለው የአስተዳደር ሕንፃዎችን ያዙ። በ2000 የፋብሪካ ሠራተኞችን መብት የሚከታተል ገለልተኛ ተቋም በዩኒቨርሲቲዎች አባልነት ተቋቋመ። ኦሪገን አባል ሲሆን ፊል ናይት ተቆጥቶ ሊሰጥ ያሰበውን 30 ሚሊዮን ዶላር ከለከለ፤ የገዛ ዩኒቨርሲቲውን፣ የባወርማንን ዩኒቨርሲቲ። ይኸው መብት የሚከታተል ተቋም በ2018 መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሪፖርት አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም ከሚታወቁት የልብስ ስፌት ደመወዞች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፈ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች፤ ትልልቆቹ ገዢዎች ከሐዋሳ ለቀቁ። ደመወዙም ሥራውም አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የጠራ ድምዳሜ ያለው ሰው ካለ እኔ አላምነውም።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንምጣ።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየት ኅብረት እገዛ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ፖሊቴክኒኩ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ኢቴክስ የሚባለው፣ አለ። የስፖርት አካዳሚውም እዚያው ነው። እንግዲህ ጨርቅ የሚሸምን፣ ልብስ የሚነድፍና የሚሮጥ ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ በባጃጅ ይገናኛሉ። «ለምን ራሳቸው አያለብሱም?» ማለት ቀላል ነው።

ችግሩ ክሩ ላይ ነው። ፋብሪካው የሚታወቀው በጥጥ ነው፤ የዛሬ ማልያ ግን ፖሊስተር ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል። ፖሊስተር ላቡን ወደ ውጭ ያወጣና ቶሎ ይደርቃል። ኅትመቱም ቢሆን በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም። ሰብሊሜሽን በሚባለው ዘዴ ዲዛይኑ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይታተምና 200 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ማተሚያ ጨርቁ ላይ ይጫናል። ቀለሙ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የፖሊስተሩ ክር ውስጥ ይገባል፤ አይላጥም፣ አይሰነጠቅም፣ በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም። ጥጥ ላይ ይኸው ቀለም አይያዝም፤ ሲታጠብ ይሄዳል። ስለዚህ አገር ውስጥ የሚታተመውና የሚሰፋው ማልያ ጨርቁ ብዙ ጊዜ በዶላር የገባ ነው። ይህም ሆኖ ጎፈሬን የመሰለ የአገር ልጅ ብራንድ ከፕሪምየር ሊጉ ክለቦች ብዙዎቹን አልብሶ አሳይቷል። መንገዱ ተከፍቷል፤ ያልተከፈተው የዩኒቨርሲቲ በር ነው።

በሩን የዘጋው ክፋት ሳይሆን አሠራሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ድርጅቱ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲው ለአቅራቢው ይከፍላል፤ ያውም በጨረታ። የስፖርት ክፍሉ የፍላጎት ዝርዝር ይልካል፤ ግዥ ክፍል ስፔሲፊኬሽን ያዘጋጃል። የብራንድ ስም መጥቀስ ስለማይፈቀድ፣ ከተጠቀሰም «ወይም ተመሳሳይ» መባል ስላለበት፣ ዝርዝሩ «ማልያ፣ ጥራት ያለው፣ ከነቁምጣው» ዓይነት ይሆናል። ጥራት ያለው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልተጻፈበት ጨረታ ደግሞ ዞሮ ዞሮ በዋጋ ነው የሚወሰነው። ናሙናውን የሚያየው ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያየው፤ ያልተለበሰ፣ ያላበ ሰው ያልነካው፣ ያልታጠበ ማልያ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግዥው ወደ ሰኔ ይገፋል፤ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ውድድሩ አልፏል።

ሴቶቹ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ዝርዝሩ ላይ ያለው መጠን የወንድ ነው፤ ትንሹ ቁጥር «ለሴት ይሆናል» ይባላል። ትከሻው ይሰፋል፣ ወገቡ ይይዛል። ለሩጫ የሚሆን የጡት መያዣ ጨርሶ የማይጻፍበት ዝርዝር ሞልቷል፤ መጻፉ ስለሚያሳፍር ነው መሰለኝ። የዓለምን የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን የሰበረች ልጅ ባላት አገር ይህ ማፈር ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

ከጨረታው ሌላ መንገድ አለ፤ እሱ እውነተኛው ስፖንሰር ነው። ገንዘብ ይሰጥና ስሙን ደረት ላይ ያስጽፋል። ማን ይመጣል? ለረጅም ጊዜ የመጣው ቢራ ነበር። የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያንን በር አጠበበው። ከዚያ ውርርድ መጣ፤ ሊጉ ራሱ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የቤትኪንግን ስም ይዞ ተጫውቷል። በካምፓስ በር አጠገብ ስንት የውርርድ ቤት እንዳለ ተማሪው ያውቀዋል። ለተማሪ ቡድን ማልያ የውርርድ ስም ያስፈረመ ዩኒቨርሲቲ፣ የተማሪውን የኪስ ገንዘብ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው የሚያስበላ ነው የሚሆነው። ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢሆን እኔ አልፈርምም። ባንክ፣ ሲሚንቶ፣ የታሸገ ውኃ፤ እነዚህ ይቀራሉ። እነሱም «ማን ያየኛል?» ይላሉ። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስትረታ የባሕር ዳር ስታዲየምን ያየ ነጋዴ ይህን አይጠይቅም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ውድድር ግን ቴሌቪዥን የለውም፤ የአማራ ክልል በገባበት ግጭት ደግሞ ባለፉት ዓመታት እንኳን ውድድር ትምህርቱም ተቆራርጧል።

ጫማው ለብቻው መታየት ያለበት ነገር ነው። ማልያ ልክ ባይሆን ያስቀይማል፤ ጫማ ልክ ባይሆን ያደማል። አትሌቲክሱ ይህን ቀድሞ ገብቶታል። ቀነኒሳ በቀለ አቴንስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ወርቅ ሲወስድ መለያው የአዲዳስ፣ ጫማው የናይክ ነበር። አገር መለያውን ትመርጣለች፣ እግር ግን የባለቤቱ ነው። ይህ ነፃነት የራሱ አደጋ አለው። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፣ ሕጉ የሚፈቅደው 4 ነው። ለአዘጋጆቹ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ ሁለተኛ ለገባው ኬንያዊ ተሰጠ። በሁለት ዓመቱ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር፣ ዕድሜውም አንድ ውድድርና ጥቂት መለማመጃ ነው። ከዱርቤቴ ወይም ከመራዊ ተነስታ ካምፓስ የገባች ሯጭ እንዲህ ያለውን አትጠይቅም። የምትፈልገው በየሦስትና አራት ወሩ የሚተካ፣ በቁጥሯ የተገዛ የልምምድ ጫማ ነው። ስፖንሰር ሲገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ይመስለኛል፤ ማልያውን ጨረታውም ቢሆን ያመጣዋል።

መራጭና ለባሽ አንድ የሚሆኑበት ቦታ እኮ ካምፓስ ውስጥ አለ። ተመራቂ ክፍሉ ጂሲ ሲሆን የሚያሠራው ቲሸርትና ሹራብ ነው። ኮሚቴ ይመረጣል፤ ብር ይሰበሰባል፤ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ማተሚያ ቤት ይዞራል። ናሙናው ዶርም ለዶርም ይዞራል፤ አንዷ ትለብሰዋለች፣ አንዱ ይጎትተዋል፣ አንዷ በኦሞ አጥባ ሽቦ ላይ ታሰጣዋለች። ቀለሙ ከለቀቀ ማተሚያ ቤቱ ይቀየራል፤ ጠብ ሁሉ ይነሳል። የልክ ዝርዝሩ ስም በስም ይጻፋል፤ ስሞል የለበሰችውን ላርጅ ውሰጂ የሚላት የለም፤ ብሩ የራሷ ነዋ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ግዥ ይህን ያህል ጥንቃቄ አያይም።

የስፖርት ክፍሉ ስፖንሰር ፍለጋ ሲወጣ ከእነዚህ ልጆች ሁለቱን ከኢቴክስ ሁለት ተማሪ ጨምሮ ይዞ ይሂድ። ስሙና ምልክቱ የት ይሁን የሚለው ድርድር ከአስተዳደሩ ጋር ይቆይ። እነሱ ናሙናውን ይውሰዱና ለአንድ ወር ይልበሱት፣ ሜዳ ላይ ይላቡበት፣ ዶርም ውስጥ በእጅ ይጠቡት፤ የወንዱንም የሴቷንም የእግር ቁጥር በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ለምሳሌ ለጥር ውድድር የሚደርስ ትጥቅ ከሆነ የሚፈለገው፣ ናሙናው ከሰኔ በፊት እጃቸው መግባት አለበት፤ ክረምት ላይ ካምፓሱ ባዶ ነው፣ የሚለብስለት ሰው አይገኝም።